ሁሉም በአንድ አፍ ሲናገር



በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራትና ስለ ማኅበራችን ምርጫ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ በየጊዜው ስለምንጽፋቸው ልብ ወለድ ታሪኮች ነው። ከዚያም ውስጥ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በታሪኮቻችን ውስጥ የምናስገባቸው ሰዎች አንዱ ከሌላው አለመለየታቸው፣ የተለዩትም ቢሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንኑ ሰው ሆነው አለመዝለቃቸው ነው። ነገሩ የብዕር አጣጣል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። እኛ ግን ከብዕር ጉድለት ይልቅ የኅሊና ጉድለት ነው ብለን እናምናለንና ይህንኑ በግልጽ ለመናገር ተነሥተናል።

ክሳችን ባዶ እንዳይሆን ምሳሌ እንጥቀስ። የጸሐፊዎቹን ስም አናነሣም፤ ማን እንደሆኑ ራሳቸው ያውቁታልና።

በአንዱ ታሪክ ውስጥ አንድ ገበሬ አለ። ፊደል እንዳልቈጠረ በመጀመሪያው ገጽ ተነግሮናል። በሦስተኛው ገጽ ላይ በሬው ይሞትበትና «ወይኔ፣ የኢኮኖሚ መሠረቴ ተናጋ!» እያለ ያለቅሳል። በሬው የሞተበት ገበሬ እንዲህ ብሎ ሲያለቅስ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። በሌላው ታሪክ ውስጥ የቤት ሠራተኛዪቱ እመቤቷን «እትዬ፣ እርስዎ» እያለች ትቈይና በመካከሉ ያለ አንዳች ምክንያት «አንቺ» ማለት ትጀምራለች፤ ከሁለት ገጽ በኋላ ደግሞ እንደገና ወደ «እርስዎ» ትመለሳለች። ጸሐፊው ረስቶት ነው እንጂ በቤቱ ውስጥ አመፅ ተነሥቶ አይደለም። በሦስተኛው ታሪክ አራት ወንድማማቾች አሉ፤ ስማቸው በቀለ፣ በለጠ፣ በላይና በላቸው ነው። አንደኛው ሲታሰር ሁለተኛው ሲፈታ፣ ሦስተኛው ሲያገባ አራተኛው ሲሞት፣ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ እርሳስ ይዘን በወረቀት ጠርዝ ላይ ሒሳብ ስንሠራ አመሸን። በአራተኛው ታሪክ ደግሞ የልጅቱ እናት በሁለተኛው ገጽ ተቀብራ በመጨረሻው ገጽ ሙሽሮቹን ስትመርቅ አግኝተናታል። ትንሣኤ ሙታን መኖሩን ባንክድም እንዲህ በሠርግ ቀን ይሆናል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

እነዚህ የሚያስቁ ናቸው። የሚያሳዝነው ግን ከዚህ የባሰው ነው። ባላገሩ፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ሻጪቱና የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሁሉም የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው። ያም አፍ የእኛው፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የገባው የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ አፍ ነው። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። በእኛ ታሪኮች ውስጥ ግን ከአነጋገር ሊፈረድበት የሚችል ሰው የለም፤ የሚፈረድበት ጸሐፊው ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት በቋንቋችን ድህነት ማመካኘት አይቻልም። አማርኛ ለዚህ ሥራ ያለው ሀብት የሚያስቀና ነው። አንድ ሰው ሌላውን «አንተ» ሲለው፣ «አንቱ» ሲለው፣ «እርስዎ» ሲለው ሦስት ልዩ ልዩ ታሪክ ይነግረናል። ባል ሚስቱን በስሟ ሲጠራትና በልጃቸው ስም የእገሌ እናት ብሎ ሲጠራት፣ ተቈጥቶም «አንቺ ሴት!» ሲላት፣ ደራሲው ስለ ትዳራቸው ሌላ ማብራሪያ መስጠት አያስፈልገውም። ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» መውረድ በእኛ ቋንቋ ጥፊ የመሰንዘር ያህል ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጁ ይዞ በየገጹ እንደ ዘፈቀደ የሚወረውረው ሰው ስለ ድርሰት ምን ያወራል?

መሐላውንም ተመልከቱ። አንዱ «ጊዮርጊስን!» ይላል፤ ሌላው «ወላሂ!» ይላል፤ አንዷ «ልጄን ይንሳኝ» ትላለች፤ የሰፈር ጐረምሳ «እናቴ ትሙት» ይላል፤ ጨርሶ የማይምልም አለ፤ የማይምለውም ሰው በአለመማሉ ይታወቃል። አንዱ ነገሩን ሁሉ በተረትና ምሳሌ ይቋጫል፤ ሌላው ጥያቄ ሲጠይቁት በጥያቄ ይመልሳል፤ ሌላዋ ከመናገሯ በፊት ነጠላዋን ታስተካክላለች። የቅኔ ቤት ተማሪ ነገር ሲጠመዝዝ፣ የገበያ ሰው ነገር ሲያሳጥር፣ የፍርድ ቤት ደጅ የለመደ ሰው «ጌታዬ» እያለ ነገር ሲያስረዝም የማያውቅ ማን አለ? ይህ ሁሉ በጆሯችን ውስጥ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ የማይደርሰው እኛ ስለማናዳምጠው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። መለየት ማለት ማላገጥ ማለት አይደለም። ከመካከላችን አንዳንዶች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነውን ወገናችንን በታሪካቸው ውስጥ ሲያስገቡት አጠራሩን ከማጣመም በቀር ሌላ ባሕርይ አይሰጡትም። ሲገባ ያስቃል፣ ሲወጣ ያስቃል፣ ያው ነው። ይህ ሰውን ከሰው መለየት አይደለም፤ ሰውን መስደብ ነው። ያ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲናገር ምን ያህል አስተዋይ፣ ምን ያህል ነገር አዋቂ እንደሆነ ጸሐፊው ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበም።

ባሕርይን ጠብቆ መተረክ ከፈረንጅ ትምህርት ቤት የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ልጅነቱ ይመለስ። በምድጃ ዳር ተረት የነገሩን እናቶችና አያቶች አያ ጅቦን ከአያ አንበሶ፣ እመት ጦጢትን ከአህያ አደባልቀውብን ያውቃሉን? ጅቡ ሆዱ እንደቀደመው ይኖራል፤ ጦጣዋ በብልኀቷ ታመልጣለች፤ አንበሳው ሲናገር የተራኪዋ ድምፅ ይወፍራል። በመካከሉ ብትሳሳት ኖሮ ከጭኗ ላይ የተኛነው ልጆች «አይ፣ ጅቡ እንዲህ አይልም!» ብለን እናርማት ነበር። ፊደል ያልቈጠረች አያት የጠበቀችውን ሕግ ዲግሪ የሚቈጥር የልጅ ልጇ ሲጥሰው ማየት ያሳፍራል።

ከውጭ አገር ምስክር ካስፈለገም የእስፓኙ ሚጌል ሴርቫንቴስ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1605 ዓ. ም. ባሳተመው በዶን ኪኾቴ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ የሳንቾ ፓንሳ አህያ ትጠፋለች፤ እንዴት እንደጠፋች ሳይነገር፣ እንዴት እንደተመለሰችም ሳይነገር በኋላ ተመልሳ ትገኛለች። የሳንቾ ሚስትም በየቦታው ስሟ ይለዋወጣል። ይህ ከላይ ከጠቀስናቸው ከእኛ ስሕተቶች አይለይም፤ አንባቢዎቹም አልማሩትም። ሴርቫንቴስ ግን በ1615 ሁለተኛውን ክፍል ሲያወጣ ነገሩን አልሸሸገውም፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ጉዳዩን እንዲያነሡት አደረገ። ሳንቾ ሲጠየቅ ወይ ታሪኩን የጻፈው ሰው ተሳስቷል፣ ወይ አታሚው ቸል ብሏል ብሎ ይመልሳል።

ከዚህም የሚበልጠው ሌላው ነው። በዚሁ በሁለተኛው ክፍል አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ሳንቾ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር እንደ ልማዱ ሳይሆን ረቀቅ ባለ አነጋገር ይናገራል። ወዲያውም ታሪኩን የተረጐመው ሰው ነኝ ባዩ ተራኪ ጣልቃ ይገባና ይህ ምዕራፍ የእውነተኛው ጸሐፊ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ሳንቾ ከዐቅሙ በላይ ተናግሯልና ይለናል። ሚስቱም የምትለው አልገባኝም ትለዋለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ደራሲ ከ400 ዓመት በፊት አንድን ባላገር ከባሕርዩ ውጭ ማናገር የሐሰት ሰነድ ምልክት እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኛ በዚያ መመዘኛ ብንመዘን ከድርሰቶቻችን ስንቱ ሐሰተኛ ሰነድ ተብሎ ይጣል?

በእርግጥ ስሕተትና ስሕተት አንድ አይደለም። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ባወጣው የመጀመሪያ የሸርሎክ ሆምዝ ታሪክ ዶክተር ዋትሰን በጦርነት ትከሻው ላይ መቍሰሉን ነገረን፤ በ1890 ባወጣው በሁለተኛው ደግሞ ቍስሉ እግሩ ላይ ሆነ። አንባቢው ይህን ሲያገኝ ይስቃል እንጂ መጽሐፉን አይጥልም። ለምን? ቍስሉ ቦታውን ቢለቅም ዋትሰን ዋትሰንነቱን አልለቀቀምና ነው። ታማኝ፣ ቀጥተኛ፣ በወዳጁ ብልኀት ሁልጊዜ የሚደነቅ ሰው እንደሆነ ይኖራል። የገላ ቍስል ቢዛወር ይቅር ይባላል፤ ነፍስ ስትዛወር ግን ይቅርታ የለም። የእኛ ነገር የከፋው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለምናዛውር ነው።

ወደ አገራችን ሥነ ጽሑፍ እንመለስ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 በሮም በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክና ከዚያ በኋላ በወጡት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ደጉ ፈጽሞ ደግ፣ ክፉውም ፈጽሞ ክፉ ሆኖ ቢቀርብ አያስወቅስም፤ መንገዱን የጠረጉ ናቸውና። ነገር ግን በ1958 ዓ. ም. የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ከወጣ በኋላ ለእኛ ምክንያት አልቀረልንም። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሳን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያነበበ ሰው ከመካከላቸው የአንዱን ንግግር ለሌላው ሊሰጥ አይችልም። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ሲተርከው አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ያን ሁሉ ሕዝብ ማሰማቱ ይደነቅለታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ልዩነቱ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ባይኖር ኖሮ የወጋየሁ ጕሮሮ ከየት ያመጣው ነበር?

በ1962 ዓ. ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስም ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትምህርት አለው። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ በአገር ቤት ሰዎች መካከል ገብቶ ይናገራል፣ ይከራከራል። ደራሲው ግን ወይዘሮ አሰጋሽን በአደፍርስ ቋንቋ አላናገራቸውም። ንግግሩ ከእነርሱ ንግግር ጋር ሲጋጭ፣ ሲተላለፍ፣ አንዳንዴም ሳይገናኝ ሲቀር እናያለን። እኛ ደግሞ አደፍርስን ብቻ እየጻፍን ባላገሩንም አደፍርስ፣ እመቤቲቱንም አደፍርስ እናደርጋለን።

አሁን ለተቃዋሚዎቻችን መልስ እንስጥ። ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ዋናው መልእክቱ ነው፤ ሰዎቹ የመልእክት ተሸካሚዎች ናቸው፤ ሕዝብ በችግር ላይ ሳለ ስለ አነጋገር ማን ይጨነቃል?» ይሉናል። ወዳጆቻችን ሆይ፣ መልእክትን የምንጠላ አይደለንም። ፍቅር እስከ መቃብር መልእክት የለውምን? ነገር ግን ደራሲው አሮጌውን ሥርዐት የሚነቅፈውን ሐሳብ የሰጡት አገር ሁሉ እብድ ነው ብሎ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ላወጣለት ሰው ነው፤ ስለዚህም ቃሉ ከአፉ በወጣ ቍጥር ዋጋ ያስከፍለዋል። በአንጻሩ ያቆሟቸው ፊታውራሪም ከገለባ የተሠሩ አይደሉም፤ በዘራቸው የሚኮሩ፣ በኩራታቸው የሚያስቁ፣ በዚያው በኩራታቸው የልጃቸውን ዕድል የሚዘጉ ሰው ናቸው። መልእክቱ ልብ የሚነካው ስለዚህ ነው። ሁሉም ሰው የሚስማማበት፣ ሁሉም በአንድ ቃል የሚናገርበት ታሪክ ግን ክርክር የለበትም፤ ክርክር የሌለበት ነገር ደግሞ ማንንም አሳምኖ አያውቅም። ስብከት መስበክ የፈለገ ይስበክ፤ ስብከቱን ቈራርጦ ለአምስት ሰዎች ማከፋፈል ግን ልብ ወለድ አይባልም።

ሁለተኛዎቹ «ሰው ይለወጣል፤ ባለታሪክን በአንድ ባሕርይ ማሰር ነጻነቱን መንፈግ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ጥበብ ይመስላል። ሰው መለወጡን ማን ካደ? ነገር ግን ለውጥና መርሳት ሁለት ናቸው። ለውጥ ምክንያት አለው፤ መርሳት ምክንያት የለውም። ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ጳውሎስ ሆነ፤ ከዚህ የበለጠ ለውጥ ከየት ይመጣል? ሆኖም ልብ ብሎ ላየው ያው ሰው ነው። ሲያሳድድም በሙሉ ልቡ፣ ሲሰብክም በሙሉ ልቡ፤ ለብ ያለ ጊዜ አልነበረውም። መንገዱ ተለወጠ እንጂ እሳቱ አልተለወጠም። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚጽፍ ሰው ይምጣልን፤ እንሰግድለታለን። ትናንት ንፉግ የነበረውን ሰው ዛሬ ሠርግ ስላስፈለገው ብቻ ቸር የሚያደርገው ጸሐፊ ግን ስለ ነጻነት አያውራብን።

ይህን ሁሉ ስንናገር ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። በመኝታ ቤታችን አካባቢ የተማሪ ልብስ እያጠቡ የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። እኛም አዝነን ስለ እርሳቸው አንድ ታሪክ ጻፍን። በታሪኩ ውስጥ አጣቢዋ ሴት የእጇ ዋጋ ሲያንስባት ልብሱን መሬት ላይ ጥላ ስለ ጭቆና፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አንድ ገጽ ተኩል ትናገራለች። ጓደኞቻችን አጨበጨቡልን። በዚህ ደፍረን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠን ለራሳቸው አነበብንላቸው።

እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰሙን። ከዚያ በኋላ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርዝ እያደረቁ «ልጄ፣ ይህች ሴት አስተማሪ ናት?» አሉን።

«የለም እማማ፣ እርስዎ ነዎት» አልናቸው።

ሳቁ። «እኔማ እንዲህ አልልም። ገንዘቡ ሲያንስብኝ መች እናገራለሁ? ሳሙናውን አሳንሳለሁ እንጂ!»

ያን ቀን ያፈርነውን ያህል በፈተና ወድቀን አናውቅም። በአንድ ገጽ ተኩል ያልነገርነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ነገሩን። በዚያች በተቀነሰች ሳሙና ውስጥ ብልኀታቸው አለ፣ ቍጣቸው አለ፣ ፍርሃታቸውም አለ፤ እኛ የምንለብሰው ሸሚዝ ለምን እንደማይነጣም አለበት። እኛ ግን በአጠገባቸው ሁለት ዓመት ስንመላለስ አልሰማናቸውም። የገዛ ቃላችንን በአፋቸው ጐርሰን ሕዝብ ተናገረ ብለን አጨበጨብን። ቀድሞውንም ዋጋቸውን አሳንሰን የምንከፍላቸው እኛው ነን፤ በዚህ ላይ ቃላቸውንም ወሰድንባቸው።

እንግዲህ የኅሊና ጉድለት ነው ያልነው ለዚህ ነው። እኛ የተማርነው ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ስለ ገበሬው፣ ስለ ሠራተኛዪቱ፣ ስለ ወታደሩ ሪፖርት የምንጽፍ፣ ደንብ የምናወጣ ሰዎች ነን። በልብ ወለድ ገጽ ላይ አንዱን ሰው ከሌላው መለየት ያቃተው፣ ሰዎቹን ሁሉ በራሱ ልክ የሰፋ ጸሐፊ፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይለያቸዋል ብላችሁ ታምናላችሁን?

ነቅፎ መቀመጥ የሰነፍ ሥራ ነውና ማድረግ የሚቻለውን በአጭሩ እናመልክት። ኤሚል ዞላ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1871 እስከ 1893 ድረስ የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ የሚከተሉ 20 ልብ ወለዶች ሲያሳትም ስለ ሰዎቹ አስቀድሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። እኛ አንድ ደብተር አይጠፋንም። ለእያንዳንዱ ባለታሪክ አንድ ገጽ እንስጠው፤ ዕድሜውን፣ የተወለደበትን አገር፣ ማንን «አንተ» ማንን «አንቱ» እንደሚል፣ በምን እንደሚምል፣ ምን እንደሚፈራ፣ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ምን እንደሚገዛ እንጻፍበት። ስም ስናወጣ የመጀመሪያው ፊደል እንዳይመሳሰል እንጠንቀቅ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍነን ንግግሩን ብቻ ለጓደኛችን እናንብብለት፤ ማን እንደተናገረ መለየት ካቃተው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ እንደገና እንጻፈው። ከሁሉም በላይ ግን ከመጻፋችን በፊት ዝም ብለን እናዳምጥ።

መምህሮቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እንለምናለን። ድርሰታችንን ስታርሙ የፊደሉን ግድፈትና የአረፍተ ነገሩን ሥርዐት በቀይ ቀለም ታመለክቱልናላችሁ፤ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ ወዲያ ግን በገጹ ጠርዝ ላይ «ይህ ሰው እንዲህ ይላልን?» ብላችሁ ጻፉልን። ይህች አንዲት ጥያቄ ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር ትምህርት ትበልጥብናለች።

ለክበባችን የሚቀርቡ ታሪኮች ከእንግዲህ በዚህ ዓይን እንዲመረመሩ እንጠይቃለን፤ የእኛንም ጨምሮ። ያ የአጣቢዋ ታሪክ ተቀዷል። እንደገና የምንጽፈው ከሆነ አንድ ገጽ ተኩሉ ንግግር ይወጣና ሳሙናዋ ትገባለች። ከዚያ በፊት ግን የልብስ ማጠቢያውን ዋጋ እንጨምራለን። እናንተም ጨምሩ።